አንድርያስ ለምን ቶሎ ይነሳል

ጎረቤታችን ጋሼ ፍቅረማርያም ቅዳሜ ጠዋት ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው በራችን ላይ ሲቆሙ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ።

«አባዬ፣ ጋሼን ለምን ጠራሃቸው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ሰው ስለ ልጅህ ሊያወራ ቤትህ ሲመጣ ሽማግሌ አይቀመጥም እንዴ?»

«ሰውዬው እኮ ሚስት ሊያጭ አይደለም የሚመጣው!»

«ሊወስድ የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ ያወራል» ብሎኝ ወንበር ሊያቀርብላቸው ሄደ። አባቴ ጀማነህ እንዲህ ነው። ካናል ዊንቸስተር የሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ሲነዳ ውሎ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ ቤት ሲገባ ግን ምሳሌ በምሳሌ ይሆናል። ያን ቀን ሺፍቱን ለሰው ሰጥቶ ቀርቷል።

የሚመጣው ሰው ቶሚ ይባላል። ስካውት ነው። ለአንድ ትልቅ የፉትቦል፣ የአሜሪካኖቹ በእጅ የሚወረወረው ኳስ፣ ቡድን እየሠራ፣ ከኮሌጅ ኮሌጅ እየዞረ ልጆች ይመዝናል። ከፋሲካ በኋላ ድራፍት አለ፤ ቢራውን ማለቴ አይደለም፣ ጋሼም መጀመሪያ ቢራው መስሏቸው ተቆጥተው ነበር። ቡድኖቹ በየተራ ኮሌጅ የጨረሱ ልጆችን ስም የሚጠሩበት ቀን ነው። ወንድሜ አንድርያስ ደግሞ ኳርተርባክ ነው። ኳሷን ይዞ ለማን ልወርውር እያለ የሚያስበው እሱ ነው፤ እሱ እያሰበ በሬ በሬ የሚያካክሉ ሰዎች ሊጥሉት ይሮጣሉ። ሥራው ይሄ ነው።

ኮሌጁ እኛ ከምንኖርባት ከኮሎምበስ ራቅ ያለ ትንሽ ኮሌጅ ስለሆነ እሱን ብሎ የመጣ ስካውት ቶሚ ብቻ ነው። ቶሚ ጥሩ ከጻፈለት አንድርያስ ይጠራ ይሆናል። መጥፎ ከጻፈበት አለቀ። ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ሊንደን የሚባል ሰፈር በነበርንበት ጊዜ የተጠቀለለ ካልሲ በኮሪደር ሲወረውር የኖረ ልጅ፣ በአንድ ሰውዬ ወረቀት ሊያልቅለት ነው። ቶሚ ደግሞ ቤተሰቡን ያለ እሱ ላናግር ስላለ አንድርያስ ኮሌጁ ቀርቶ በየአሥር ደቂቃው ቴክስት ያደርገኛል፤ «መጣ?» «አሁንስ?» «ደህና ልብስ ለብሰሻል?» ለመጨረሻው መልስ አልሰጠሁትም።

ቶሚ መጣ። ስድሳ የሚጠጋው፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው። በራችን ላይ ጫማ ተደርድሮ ሲያይ ሳንነግረው የራሱን አወለቀ። የግራ ካልሲው አውራ ጣት ላይ ተቀዷል። ወዲያው ወደድኩት።

አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። እማዬና አባዬ ለሥራና ለገበያ የሚሆን እንግሊዝኛ አላቸው፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ግን አያምኑትም። ጋሼ ፍቅረማርያም ታክሲ ሲነዱ ስለኖሩ እንግሊዝኛቸው ከእኔ አይተናነስም፤ ሆኖም «ሽማግሌ በባዕድ ቋንቋ አይሸመግልም» ብለው ሶፋው መሐል ቁጭ አሉ። ያ ለእኔ ትልቅ ጣጣ ነበር። የማልተረጉመውን ሁሉ ያውቁብኛላ።

«እስቲ ስለ ልጃችሁ ንገሩኝ» አለ ቶሚ ታብሌቱን ጭኑ ላይ አድርጎ። «ጎበዝ የሆነበትን ነገር።»

እማዬ የሻርፗን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች።

«ምን ጉብዝና አለው እሱ» አለች። «ልጅ ነው። አልጋውን እንኳ አያነጥፍም።»

በእኛ ቤት ልጅን በእንግዳ ፊት ማሞገስ ነውር ነው፤ ዓይንም ይበላዋል። የሚያሞግሰው እንግዳው ነው። እንግዳው ያሞግሳል፣ እናት «ኧረ እሱ ደግሞ!» ትላለች፣ እንግዳው ይጨምራል፣ እናት ታጣጥላለች፣ እንዲህ እየተባለ ልጁ ያድጋል። ችግሩ፣ ቶሚ የራሱን ድርሻ አያውቅም።

«ትሑት ልጅ ነው ትላለች» አልኩት በእንግሊዝኛ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ኤልዳና፣ አልጋውን ዘለልሽው።»

«አልጋውንም አያነጥፍም» አልኩ። ቶሚ ጻፈው። በስመ አብ፣ ጻፈው!

«አባትስ? በኳሱ እንዲቀጥል ይፈልጋሉ?»

አባዬ ወደ ጋሼ አየ። ጋሼ ከረባታቸውን አስተካከሉ። ይቺን ቀን ሲጠብቋት ነበር የኖሩት፤ ሴት ልጅ ስለሌላቸው ማንም ሽማግሌ ልኮባቸው አያውቅም።

«የመጡበትን ጉዳይ ሰምተናል» አሉ ረጋ ብለው። «አክብረው ደጃችን መጥተዋል፣ እኛም በክብር ተቀብለናል። ነገር ግን ልጅ በአንድ ቀን ወሬ አይሰጥም። ቤተ ዘመድ ይምከርበት። ሌላ ቀን ይመለሱ።»

እማዬ ራሷን ነቀነቀች፤ አባዬም። ደስ ብሏቸዋል። በመጀመሪያ ቀን «እሺ» ያለ ቤተሰብ ልጁን እንደጣለ ይቆጠራላ። እኔ ግን በእንግሊዝኛ ስለው ምን እንደሚመስል ሰማሁት። ቶሚ ታብሌቱን ዘጋ።

«ቤተሰቡ ገና አልወሰነም ማለት ነው» አለ።

«አይ፣ ማለት...»

«ይገባኛል። ለነገሩ ስታዲየሙም ነግሮኝ ነበር። ለቤተሰብ የሚሰጡት ሁለት ወንበሮች ሁልጊዜ ባዶ ናቸው። ሰዎቹን ጠይቄያለሁ። ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ ማንም ተቀምጦባቸው አያውቅም።»

ይሄን ስተረጉም እማዬ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። እንዳትናገሪ ማለቷ ነው። አልተናገርኩም። ለምን እንደሆነ ግን ለእናንተ ልንገራችሁ።

እማዬ አንድ ጊዜ ብቻ ገብታ አይታለች። አንድርያስ የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ ሲመታ አየች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አባዬ ቅዳሜ ሺፍት ስላለው እኔና እሷ ነን የምንሄደው። ከስታዲየሙ ጀርባ ያለው ፓርኪንግ ገብታ መኪናውን ታቆማለች። መስኮቱን በብርዱም ቢሆን በጣት ስፋት ዝቅ ታደርጋለች፣ የጸሎት መጽሐፏን መሪው ላይ ትዘረጋለች፣ ጨዋታው እስኪያልቅ እዚያው ናት። የሚሰማት የሕዝቡ ጩኸት ብቻ ነው። እኔ አጠገቧ ቺፕስ እበላለሁ። ሲያልቅ አንድርያስ ፀጉሩ እንደረጠበ ይመጣል፣ የመኪናውን ኋላ ከፍተን ምሳውን እዚያው ይበላል። ይሄ ለሷ ሐፍረት ነው። «ልጇን ማየት የማትችል እናት ምን ትባላለች?» ትላለች።

ቶሚን በር ድረስ ሸኘሁት። ጫማውን ለማሰር ሲጎነብስ ተነፈሰ።

«አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለኝ። «ወንድምሽ እጁ ወርቅ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ አወዳደቁ ነው። ሲመቱት መሬት ሳይነካ የተነሳ ነው የሚመስለው። ሁሌም። በጥቅምት አንድ ቀን በግራ ትከሻው ወደቀ፤ እኔ ቁጭ ብዬ አመመኝ፣ እሱ ብድግ አለ። ቡድን ከደካማ ኳርተርባክ ይልቅ ሕመሙን የሚደብቅ ኳርተርባክ ይፈራል። ምክንያቱን ፈልጌ ነበር የመጣሁት። ያገኘሁት ባዶ ወንበርና ‹ሌላ ቀን ና› ነው።»

«ታዲያ ሌላ ቀን ና» አልኩት።

«ምን?»

«ና አሉህ እኮ። እምቢ ቢሉህ ኖሮ ያን ሁሉ ሳምቡሳ ትበላ ነበር? የመጀመሪያ ቀን ማንም እሺ አይባልም፤ ደንቡ ነው። ከረባት አድርገህ ና። ባዶ እጅህን እንዳትመጣ። ከዚያ ደግሞ፣» አልኩት፣ «ከመጠየቅህ በፊት ልጁን አሞግስ። አንተ ስታሞግስ ነው እነሱ የሚናገሩት።»

ቶሚ ለረጅም ጊዜ አየኝ። «ይሄን ሥራ ከጀመርኩ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም» አለና እያነከሰ ወረደ።

አንድርያስን ኮል አደረግኩት።

«እና? ምን አላችሁት?»

«አልጋህን እንደማታነጥፍ።»

«ኤልዱ! ቀልዱን ተዪ!»

«ወላሂ አልቀለድኩም። ተጽፏል።» ጓደኛዬ ራቢያ ‹ወላሂ› አስለምዳኛለች፤ እማዬ ስትሰማ ታማትባለች። ከዚያ ስለ አወዳደቁ ቶሚ ያለውን ነገርኩት።

«አንድርያስ፣ ለምንድነው እንደዚያ የምትነሳው?»

«ተዪው።»

«ያምሃል እንዴ?»

«ተዪው አልኩሽ እኮ። ትምህርትሽን አጥኚ» ብሎ ዘጋብኝ። ትምህርትሽን አጥኚ ያለኝ መቼም ሲጨንቀው ነው።

ቶሚ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ከረባቱ ላይ ዳክዬዎች ተስለውበታል፤ ግን ከረባት ነው። በእጁ ትልቅ የፍራፍሬ ቅርጫት ይዟል። ጋሼ ፍቅረማርያም ቅርጫቱን ሲያዩ ወደ አባዬ ዘንበል ብለው «አሁን ሰው ሆነ» አሉ። አንድርያስም በዚህኛው ቀን ነበር፤ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሳቄ መጣ፣ በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። ግራ ትከሻው ነበር። ፊቱ ጭፍግግ አለ፤ ወዲያው ፈገግ አለ። ማንም አላየም፣ እኔ ግን አየሁ።

«ከመጀመሬ በፊት» አለ ቶሚ እኔን በጎን እያየ፣ «ጨዋ ልጅ አሳድጋችኋል። ኮሌጁ ውስጥ የምግብ ቤቱ ሴትዮዎች ሳይቀሩ በስም ነው የሚያወሩልኝ።»

ተረጎምኩ። እማዬ ፊቷ በራ። «ኧረ እሱ ደግሞ! ተዉ፣ አያውቁትም!»

«ኳስ ሲወረውር ደግሞ ዓይኑ እንደ ንስር ነው።»

«ምን ንስር አለበት፣ ቁልፉን እንኳ በየቀኑ ነው የሚጠፋበት!» አለች እማዬ ወንበሯን ወደ ቶሚ እያስጠጋች። ነገሩ ተጀመረ። አባዬ ስለ ካልሲው አወራ፤ ጋሼ አንድ ክረምት በረዶ ሲጠርግላቸው ገንዘብ አልቀበልም እንዳላቸው አነሱ። ቶሚ ምንም አልጻፈም። ዝም ብሎ ይሰማል።

ከዚያ ታብሌቱን ከፈተ። «እማማ ይሄን ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል» አለ። «የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልስ አልሰጠኝም።»

እማዬ እጇን ፊቷ ላይ አደረገች፤ ግን በጣቶቿ መሐል ታያለች። ስክሪኑ ላይ አንድርያስ ኳሱን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። ከጎን አንድ ግዙፍ ሰው መጥቶ አነሳው፣ አፈረጠው። ወዲያው ተነሳ። ቶሚ ሌላ አሳየ። ወደቀ፣ ተነሳ። ሦስተኛው የጥቅምቱ ነበር። በትከሻው ነው የወደቀው፤ ክንዱ ከሥሩ ታጥፎ ቀረ፤ ይሄም ሆኖ በቀኝ እጁ መሬቱን ገፍቶ ብድግ አለ። ከታብሌቱ የሕዝቡ ጭብጨባ ወጣ።

«ለምንድነው እንዲህ የሚቸኩለው?» አለ ቶሚ።

«ምን ያስቸኩለዋል?» አለች እማዬ በዚያው ቅጽበት። «እስኪ ትንፋሹን ይሰብስብ! ማን አባረረው?»

«አንድ ዓይነት ነገር ነው የጠየቃችሁት» አልኩ፤ ለሁለቱም።

ሁላችንም ወደ አንድርያስ ዞርን። ምንጣፉን ያያል። ለቶሚ አይደለም የመለሰው፣ ለእማዬ ነው፤ በአማርኛ።

«ስወድቅ ስታዲየሙ ፀጥ ይላል» አለ። «ሁሉም ሰው ዝም ይላል፣ እስክነሳ። አንቺ ደግሞ ውጭ መኪና ውስጥ ነሽ። አታዪኝም። የሚሰማሽ ድምፁ ብቻ ነው። ፀጥታው ከረዘመ...» አቆመ። «ቶሎ ስነሳ ያጨበጭባሉ። ያን ትሰሚያለሽ ብዬ ነው።»

እማዬ እጇን ከፊቷ አወረደች። እኔ መኪናው ውስጥ እንዴት እንደምትሆን አውቃለሁ። ጩኸቱ ሲቋረጥ ጣቷ መጽሐፉ ላይ ይቆማል፤ ትንፋሿም። ከዚያ ጭብጨባው ሲመጣ «ተመስገን» ትልና ታነባለች። እኔ እግዜር ቶሎ ቶሎ የሚሰማት ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚቸኩለው ወንድሜም ነበር።

«እኔ ነኝ ያስቸኮልኩህ» አለች በመጨረሻ።

«አይ እማዬ...»

«ዝም በል። ያን ቀን፣ በጥቅምት፣ አሞህ ነበር?»

«ትንሽ።»

«አሁንስ?»

አንድርያስ ወደ ቶሚ ሰረቅ አድርጎ አየ። ቶሚ ከፊታችን ላይ አንድ ነገር ለማንበብ ይሞክራል እንጂ ቃሉ አይገባውም።

«እኔን እየኝ እንጂ ሰውዬውን አትይ። አንድርያስ፣ አሁንስ ያምሃል?»

«አዎ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምን ተባባሉ?» አለኝ ቶሚ።

መልሱ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ‹ምሳ በላህ ወይ ነው ያለችው› ማለት ነው፤ አለቀ። ወደ ጋሼ አየሁ፤ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ መስሎኝ። ጋሼ ፍቅረማርያም ጣሪያውን ያያሉ። አልጋውን ያላሳለፉልኝ ሰውዬ ይሄን ሊያሳልፉልኝ ነው! አባዬም መስኮቱን ያያል። ቤቱ ሙሉ ውሸቴን እየጠበቀ ነበር። ሁሉም ያን ልጅ ይወደዋል፤ ሌላ ምንም ምክንያት የለውም።

አፌን ከፈትኩ። አንድርያስ ቀደመኝ።

«ትከሻዬ ያመኝ እንደሆነ ነው የጠየቀችኝ» አለ በእንግሊዝኛ፣ ቀና ብሎ። «ያመኛል። ከጥቅምት ጀምሮ። ክንዴን ከራሴ በላይ ላነሳው አልችልም። ለማንም አልተናገርኩም።»

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቶሚ ታብሌቱን አጠፋው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ በዳክዬ ከረባቱ ጠረገው።

«የቡድናችን ዶክተሮች ባለፈው ሲመረምሩህስ?»

«ደህና ነኝ አልኳቸው።»

«ነገ ደውለህ እንዳልሆንክ ንገራቸው» አለ። መቆጣቱን ወይም አለመቆጣቱን ከድምፁ ማወቅ አልቻልኩም። ግን የቀረበለትን ምሳ ጨረሰ፤ እማዬ ስትጨምርለትም እምቢ አላለም። ሲወጣ የእማዬን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። እኔ በር ላይ ተከተልኩት።

«ምን ልትጽፍ ነው?»

«የሰማሁትን ሁሉ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«አልጋውንም?»

«እሱማ ድሮ ገብቷል» አለና ጫማውን አሰረ።

ምርመራው ጅማቱ ላይ ትንሽ መተርተር አሳየ። ዶክተሩ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም፣ ግን ለበጋው ክንዱ ይረፍ አለ። ወሬው በቡድኖቹ ዘንድ ዞረ። ይጠራሉ የተባሉትን ልጆች በሚዘረዝር አንድ ድረ ገጽ ላይ የአንድርያስ ስም ከታች የነበረው ጭራሽ ጠፋ። ማንም ቤት ውስጥ ይሄን አላነሳም። እማዬ ብቻ ማታ ማታ ኮል እያደረገችው «ዛሬስ?» ትለዋለች፤ እሱም «ዛሬ ሻል ብሎኛል» ወይም «ዛሬ አላስተኛኝም» ይላታል። ድሮ «ደህና ነኝ» ብቻ ነበር የሚላት። እሷም «ደህና ነኝ» ትለው ነበር። ሁለቱም ሲዋሹ እኔ መሐል ተቀምጬ ነበር።

ፋሲካ አለፈ። የድራፍቱ የመጨረሻ ቀን ቅዳሜ ነበር። ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮለኮልን። ስም ይጠራል፣ የሆነ ቤት ውስጥ የሆነ ቤተሰብ ይዘላል፤ ስም ይጠራል፣ ሌላ ቤተሰብ ይዘላል። አባዬ በእያንዳንዱ ስም ከሶፋው ትንሽ ይነሳና ይቀመጣል። ኳርተርባኮች ተጠሩ። አንዱን እኔ አውቀው ነበር፤ አንድርያስ ከእሱ ይሻላል፣ ማንም አይከራከረኝ። ከዚያ የመጨረሻው ስም ተጠራ። የእኛ አልነበረም።

አባዬ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ጋሼ ፍቅረማርያም ከረባታቸውን ፈቱ፤ «እግዜር ያለው ቀን አለ» አሉ፤ ከዚያ ሌላ የሚሉት አጡና ቆባቸውን ይዘው ተቀመጡ። አንድርያስ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «በቃ እኮ ነው፣ ምን ሆናችሁ? ሥራ እፈልጋለሁ» አለ።

«ሸሚዝህን አውልቅና ና» አለችው እማዬ።

«እማዬ፣ አሁን አይደለም...»

«ና አልኩህ።» በአዛውንቶች መኖሪያ ነው የምትሠራው፤ እንዲህ ባለ ድምፅ ያዘዘችው አዛውንት እንኳ እምቢ አይልም። ሶፋው ላይ በቀኝ ጎኑ አስተኛችው፣ የወይራ ዘይት እጇ ላይ አሙቃ ትከሻውን ቀስ እያለች ትዳስስ ጀመር።

«ዶክተሩ በረዶ ነው ያለው» አልኩ።

«በረዶ ለዓሣ ነው። እዚህ ጋ ነው?»

«ትንሽ ዝቅ። ኡፍ። አዎ፣ እዚያ ጋ» አለ አንድርያስ። ዓይኑ ተጨፍኗል። ከዓይኑ ጥግ እንባ ወጣ፣ ወደ ጆሮው ሄደ። እማዬ በክርኗ ጠረገችለት፤ እጇ ዘይት ነዋ። ያመው ትከሻው ይሁን ሌላው፣ አልጠየቀችውም።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። አንድርያስ ሊነሳ ሲል እማዬ ተጫነችው። «አትንቀሳቀስ!»

እኔ አነሳሁት። ቶሚ ነበር። ስፒከር አደረግኩት።

«እኔ ኤልዳና ነኝ።»

«አስተርጓሚዋ! ስሚ፣ አሁን ድራፍቱ ስላለቀ ላልተጠሩት መደወል ይፈቀድልናል። አለቃዬ የጻፍኩትን ሁለት ጊዜ አነበበው። ክንዱ እስኪድን አርፎ፣ ከዚያ ልምምድ ላይ ይሞከር ብሏል። ቃል የምገባለት ቦታ የለም። ግን ሲያመው የሚናገር ከሆነ ይምጣ። የት ነው? አገናኝኝ።»

አባዬ ቆሟል። ጋሼ ቆባቸውን በደረታቸው አቅፈዋል። አንድርያስ ራሱን ከሶፋው ሊያነሳ ይታገላል፤ እማዬ በአንድ እጇ ክንዱን ይዛ በሌላው ታሻለች። የሰማችው ሁሉ ገብቷታል፤ ፊቷ ላይ አይቻለሁ። እጇ ግን አልፈጠነም።

«አሁን ማውራት አይችልም» አልኩት ለቶሚ።

«ለምን?»

«ክንዱ እናቱ እጅ ውስጥ ነው።»

«እማዬ፣ በናትሽ፣ አንዴ ብቻ...» አለ አንድርያስ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለች።

ልተረጉም ስል ቶሚ ከዚያ ማዶ ሳቀ። «ገብቶኛል» አለ። «ትጨርስ። እጠብቃለሁ።»